ሰኞ የሚነሡት

በባሌው ሳነቴ አምባ ላይ ጉም ሲወርድ ሰው የገዛ እጁን አያይም ይላሉ። ያን ቅዳሜ ጠዋት ከደሎ መና ቡና ጭኖ የሚወጣ የአይሱዙ ሾፌር፣ ጉሙ ለአፍታ ገለጥ ሲልለት ከመንገዱ ዳር ነጭ ነገር አየ። የሞተ በግ መሰለው። መኪናውን አቁሞ ቀረበ። ከዚያ በኋላ ጎባ ፖሊስ ጣቢያ እስኪደርስ ወደ ኋላው አልዞረም።

ኢንስፔክተር ዲማ ቦታው ሲደርስ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ሴቲቱ ከአንድ የጅብራ ተክል ሥር በጀርባዋ ተንጋላለች። ከራሷ እስከ እግሯ በነጠላ ተሸፍናለች። ነፋስ እንዳይገልጣት በነጠላው ጠርዝ ዙሪያውን ድንጋይ ተደርድሯል።

ሳጅን የሺሃረግ ከራስጌዋ ገለጠችና አፏን ያዘች።

«ሳምሪ ናት፣ ጋሼ። ሮቤ እንግሊዝኛ የምታስተምረው ሳምራዊት።»

አንገቷ ላይ የጣት ምልክት ጠቁሯል። ዓይኗ ተከድኗል። የሺሃረግ ወደ ግርጌ ሄዳ ነጠላውን አነሣች። ጫማዋ ወልቆ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ሁለቱ የእግሯ አውራ ጣቶች በነጭ ክር ተያይዘው ታስረዋል።

«ይኸ ምንድነው?» አለ ዲማ። ያደገው በእስላም ቤት ነው፤ የክርስቲያን አስከሬን ሲዘጋጅ በቅርብ አይቶ አያውቅም።

«ገንዘዋታል፣ ጋሼ። ክርስቲያን ሲሞት እንዲህ ነው የሚደረገው። ዓይን ይከደናል፣ ጣት ይታሰራል።»

«ገድሎ የሚገንዝ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሰምቼም አላውቅ።»

ዲማ ጎንበስ ብሎ ክሩን አየ። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነው። ከሱቅ የተገዛ አይደለም።

«የሚጠላት ሰው አይደለም የገደላት» አለ።

«እሱ ነው የሚያስፈራኝ» አለች የሺሃረግ።

*

ሮቤ ሲደርሱ የእድሩ ድንኳን ከሟቿ ቤት ፊት ለፊት ቆሟል። ታናሽ እህቷ ሐመልማል ጓዳ ተቀምጣለች፤ አልቅሳ ጨርሳ ደርቃለች። እሷም መምህር ናት።

«እህትሽ ጠላት ነበራት?»

«የመምህር ጠላቱ ማን ነው? የሰነፍ ተማሪ አባት ነው።»

ከአልጋው አጠገብ አዲስ ሻንጣ ቆሟል። ዲማ አየው። እሷም ሲያየው አየችው።

«ሰኞ ንጋት ላይ በአዲስ አበባ አውቶቡስ እንነሣለን። ከዚያ ሩቅ ምሥራቅ። እንግሊዝኛ ልናስተምር። ከሳምሪ ጋር አራት ነበርን። አሁን ሦስት ነን፤ እኔ፣ አንዷ የእኛው ትምህርት ቤት መምህርት፣ አንዷ ደግሞ የደሎ መና ልጅ።»

«ሰኞ ትሄጃለሽ? እህትሽ ሳትቀበር?»

«ነገ ትቀበራለች። ቪዛው ቀን አለው ይላሉ።»

«እነማን?»

«ሁሉም።»

ከዚያ ሳይጠይቃት ተናገረች። ውጭ አገር ሄዶ ለማስተማር መጀመሪያ መሰልጠን ያስፈልጋል። ሁለት ስልጠና ነበር የቀረበላቸው። አንዱ አዲስ አበባ ያለው ረጅሙ ነው። ሌላው እዚሁ ሮቤ ብሩህ የሚባል ሰው የከፈተው ነው፤ አጭር ነው፣ ሥራውንም ቪዛውንም እሱ ያመጣል። የትኛው እንደሚሻል እንድትመርጥላቸው ሦስቱም ለሳምራዊት ሰጧት፤ በእንግሊዝኛዋ የሚደርስባት አልነበረም።

«‹ስልጠና በአንድ ጥያቄ ይለያል› ትል ነበር። ‹ሰልጣኙ እውነተኛ ተማሪ ፊት ቆሞ ያስተምራል ወይ? አሰልጣኙስ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያየዋል ወይ? ይህ ከሌለ የተሸጠልሽ ወረቀት ነው።›»

«የብሩህስ?»

«ኮምፒዩተር ላይ ጥያቄ መልሰን ጨረስን። የሰው ፊት አላየንም።»

«ታዲያ ለምን መረጣችሁት?»

«ሥራ ያለው እሱ ጋ ነዋ! የተማሪዎቼን ደብተር እያረምኩ እዚህ ልሸብት?» ድምፅዋ ተሰበረ። «ሳምሪ እያመነታች ነበር። ሐሙስ ዕለት ፊቷ ጠቁሮ ገባች። ‹አንድ ነገር ሰማሁ› አለችኝ። ምን ብላት፣ ‹ቆይ፤ መጀመሪያ ለአንድ ትልቅ ሰው ልንገር። ሳይነግሩ አደባባይ ማውጣት ነውር ነው› አለች። አርብ ከሰዓት ወጣች። በቃ።»

«ትልቅ ሰው ማን ነው?»

«የመሀመድአወል አባት መስሎኝ ነበር። የጋብቻው ነገር ስለነበረ።»

መሀመድአወል በጎባና በደሎ መና መካከል ሚኒባስ የሚነዳ የሳምራዊት እጮኛ ነው። የሁለቱም ቤተሰብ በሃይማኖት ምክንያት አልፈቀደም። እሱ ደግሞ ጉዞዋን አልፈቀደም።

ዲማ ሲወጣ በር ላይ አቶ ፍቅረሥላሴን አገኘ። የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህርና የእድሩ ዳኛ ናቸው። ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበዋል። ወንበር ያስተካክላሉ፣ ሰው ያስቀምጣሉ፣ መቃብር ቆፋሪ ይልካሉ።

«አካም፣ ኢንስፔክተር። ያ እጮኛዋ ሾፌር ተያዘ አሉ?»

«እየጠየቅነው ነው፣ ጋሽ ፍቅረሥላሴ።»

«እኔ በማንም ላይ አልፈርድም። ብቻ እነዚህ ልጆች ጉዟቸው እንዳይሰናከል። የሞተ አይመለስም። የኔዋ ልጅ ሀይሚ በዚያው ሰው በኩል ሄዳ ይኸው ታስተምራለች። ድንኳኑን ነገ ከቀብር በኋላ አስነሣለሁ። ሰኞ እኔው ራሴ እሸኛቸዋለሁ።»

«ሣልስት ሳይወጣ?»

«ዘመኑ ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ።

*

መሀመድአወል ጎባ ጣቢያ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ከደጅ የጎረምሶች ጫጫታ ይሰማል። ከጠዋት ጀምሮ ‹ስጡን› እያሉ ተሰብስበዋል።

«ተጣልታችኋል» አለ ዲማ።

«ተጣልተናል። ‹ሄደሽ ትቀሪያለሽ› አልኳት። ‹ቀድሞ የሚቀረው አንተ ነህ፣ መኪናህ ሁልጊዜ ይበላሻል› አለችኝ።» ሊስቅ ሞከረ። አልሆነለትም።

«አርብ የት ነበርክ?»

«ከመና ሰው ሞልቼ መጣሁ። ሪራ ላይ ማር ጫንኩ። ተሳፋሪዎቹን ጠይቁ፣ ኦቦ ዲማ፤ ሳነቴ ላይ ለሽንት እንኳ አልቆምኩላቸውም። አንዱማ እስከ ጎባ ሰደበኝ።»

«መንገድ ላይ ማንን አየህ?»

«ጉም ነበር። አንድ ነጭ ፒክአፕ መብራት አብርቶ ቀደመኝና ወደ ጎባ ወረደ።»

«የማን ነው?»

«ነጭ ፒክአፕ የሌለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የታለ?»

ዲማ ወደ በሩ ዞረ። ከዚያ ድንገት ጠየቀው።

«የእግር አውራ ጣት የሚታሰርበት ክር ከየት አመጣህ?»

ልጁ ቀና አለ። «የማን ጣት ነው የታሰረው? ለምንድነው ጣቷን ያሰሯት? አሟት ነበር?»

ዲማ በሩን ዘግቶ ወጣ። የሺሃረግ ኮሪደር ላይ ትጠብቀዋለች።

«ተሳፋሪዎቹን አግኝቻለሁ። የተናገረው እውነት ነው። ሰዳቢውም አለ፤ አሁንም ይሳደባል።»

«አባቱስ?»

«ከረቡዕ ጀምረው ለዘመድ ጉዳይ ጊኒር ናቸው። ሳምሪን አላገኟትም።»

«እንግዲያስ ትልቁ ሰው ሌላ ነው» አለ ዲማ። «ልጁን ግን አትልቀቂው። እነዚህ ጎረምሶች ሳይበተኑ ከወጣ ሁለተኛ አስከሬን ነው የምናነሣው።»

*

እሁድ ማለዳ ወደ ብሩህ ማሰልጠኛ ሄዱ፤ ሮቤ ዋናው መንገድ ላይ፣ ከአንድ የሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ፎቅ ላይ ነው። ወንበሮቹ አዲስ ናቸው። ብሩህ ራሱም አዲስ ነው፤ ጫማው ላይ የባሌ ጭቃ የለም።

«ይግቡ፣ ይግቡ! ጡረታ ደረሰ መሰል? እርስዎንም እናሰልጥንዎት፤ ከፖሊስ የተሻለ ጠያቂ የትም አይገኝም።»

«አርብ የት ነበርክ?»

«አዲስ አበባ። ትኬት ልቆርጥላቸው ሄጄ። ትናንት ማታ ነው የገባሁት። የአውቶቡሱም የሆቴሉም ደረሰኝ አለኝ፤ ላሳይዎት?»

አሳየው። እውነት ነበር።

«ሳምራዊት ምን ጠየቀችህ?»

«‹ተማሪ ፊት የማስተምረው መቼ ነው?› አለችኝ። ‹እዚያ ስትደርሺ› አልኳት።» ብቻውን ሳቀ። «መምህር ሲባል ጥያቄ ያበዛል።»

ግድግዳው ላይ የአንዲት ወጣት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆማ ፈገግ ብላለች። ዲማ ቀረበ። ሰሌዳው ላይ አንዲት መስመር አልተጻፈም። ፈገግታው ከአፏ አላለፈም፤ ዓይኗ ከካሜራው ወደ ጎን፣ ወደ ሌላ ሰው ነው የሚያየው።

«የጋሽ ፍቅረሥላሴ ሀይሚ ናት?»

«እሷ ናት! የኛ የመጀመሪያ ሰልጣኝ።»

«ተማሪዎቿ የታሉ?»

«ከካሜራው ጀርባ።»

ዲማና የሺሃረግ ወደ መንገዱ ወረዱ። ቀድማ የተናገረችው እሷ ናት።

«ሰኞ እንዳይሄዱ እናግዳቸው፣ ጋሼ።»

«በምን? ለአካለ መጠን የደረሱ ናቸው። ፓስፖርታቸው ትክክል ነው። ‹ፎቶው ላይ ተማሪ አላየሁም› ብዬ ነው መንገደኛ የማስቆመው?»

«ሳምሪን ግን የገደላት ይኸ ነገር ነው።»

«አውቃለሁ። ማን ለዚህ ነገር ብሎ እንደገደላት ነው የማላውቀው። ሰኞ ንጋት ላይ አውቶቡሱ ሳይወጣ ካላወቅን፣ እህቷንም እናጣለን።»

*

ከሰዓት በኋላ ቀብሩ ተፈጽሞ ሰው ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። ዲማ ከኋላ ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ንፍሮ በሰፌድ ዞረ። ከጎኑ ወይዘሮ እታለማሁ የሚባሉ የሰፈሩ አሮጊት ንፍሯቸውን አንድ በአንድ እየቆረጠሙ ያጉረመርማሉ።

«ነፍሷን ይማርና፣ ለእሷ የማይገባ ነገር የለም። ብቻ እኔን ያስቀየሙኝ…»

«ማን አስቀየመዎት፣ አዴ?»

«አንተ ደግሞ ፖሊስ አይደለህ? ልትከስልኝ ነው?»

«ከጠቀመዎት።»

አሮጊቷ በሽሙጥ አዩት። ከዚያ ጠጋ አሉ። «ዛሬ የልጅ ልጄ ክርስትና ነበር። ድንኳኑን አውሱኝ ብዬ የእድሩ ዳኛ ቤት ድረስ ሄድኩ። በዝናብ! ከእድሩ አንዲት ቀን ቀርቼ አላውቅም። ‹አይሆንም፣ እታለማሁ፤ ድንኳኑ ይፈለጋል› አሉኝ። በሩን እንኳ ሙሉ አልከፈቱልኝም።»

«እንግዲህ ልቅሶ ከክርስትና ይቀድማል።»

«ልቅሶ መቼ ነበርና! ማን ሞቶ?»

ዲማ ንፍሮውን እጁ ላይ እንደያዘ ቀረ።

«መቼ ነው የጠየቋቸው?»

«አርብ ነዋ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ።»

«አርብ በሰፈሩ የታመመ ሰው ነበር? ለሞት የተቃረበ?»

«ማንም! እኔም እኮ ‹እሳቸው ሊሞቱ ነው እንዴ?› ብዬ እየተራገምኩ ነው የተመለስኩት። ስማቸውን ጠራሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ቅዳሜ ደግሞ የሳምሪ መርዶ ሲመጣ ‹ወይ ጉድ፣ እኝህ ሰው ያልማሉ መሰለኝ› አልኩ።»

ሳምራዊት የተገኘችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። እስከዚያ ድረስ በሮቤ መሞቷን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሰፈሩን ሬሳ ሲያስቀብር የኖረ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ያስፈልጋል። እጁ የሠራውን ቢደብቅም የእድር ሥራውን ግን መርሳት አልቻለም።

ዲማ ተነሣ። በሰዎቹ ጉልበት መካከል እየተሽለኮለከ እስከ ራስጌው ሄደና ከአቶ ፍቅረሥላሴ አጠገብ ተቀመጠ። የጋቢያቸው ዘርፍ ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቷል። በአንድ በኩል ክሩ ተመዝዞ፣ ጥርሱ እንደ ወለቀ አፍ ክፍት ሆኗል።

«ጋሽ ፍቅረሥላሴ» አለ በሹክሹክታ። «አርብ ማታ ድንኳኑን ለማን ነበር የጠበቁት?»

ሽማግሌው የጋቢያቸውን ዘርፍ በእጃቸው ሸፈኑ። ከፊታቸው ሐመልማል ራሷን በጉልበቷ ቀብራ ተቀምጣለች።

«እዚህ አይሁን፣ ልጄ» አሉ። «ልቅሶ ላይ ነው።»

ከወንበራቸው ተነሡ። ወደ አንድ የእድሩ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው፣ ንፍሮው ለኋለኞቹ እንዳልደረሰና ድንኳኑም እስከ ሣልስት እንዳይነሣ ነገሩት። ከዚያ ዲማን ተከትለው ወጡ።

*

ጣቢያው ውስጥ ውሃ ጠየቁ። አልጠጡትም።

«ልጄ ማስተማር አይደለም የሄደችው» አሉ። «አስተማሪ ብለው ወስደው ግቢ ውስጥ ዘጉባት። ኮምፒዩተር ፊት አስቀምጠው፣ የማታውቀውን የሰው አገር ሰው አታልዪ ይሏታል። እምቢ ስትል በኤሌክትሪክ ይመቷታል። ስትጮህ በስልክ አሰሙኝ።»

የሺሃረግ መጻፏን አቆመች።

«‹ሦስት ምትክ ላክ፣ እንለቃታለን› አሉኝ። እንግሊዝኛ የሚችሉ። ብሩህን እነሱ ናቸው የሰጡኝ። እሱ ስልጠናውን ከፈተ። እኔ ሰው አቀረብኩ። መምህራኑ ያምኑኛል። ‹ረጅሙ ስልጠና ምን ያደርግላችኋል፤ ሀይሚን እዩ› አልኳቸው።»

«ሳምራዊት እንዴት አወቀች?»

«ሀይሚ ዘንድ ደወለች። የመምህር ጥያቄ ጠየቀቻት፤ ስንት ተማሪ አለሽ፣ ምን ክፍል ታስተምሪያለሽ። ልጄ መመለስ አቅቷት አለቀሰች።» ሽማግሌው እጃቸውን አዩ። «አርብ ሳምሪ ቢሮዬ መጣች። ‹ጋሼ፣ ልጅዎ ችግር ላይ ናት። ሰው ፊት ከማውጣቴ በፊት ለእርስዎ ልንገር ብዬ ነው› አለችኝ። የማላውቅ መስሏት እኮ ነው። ስለ እኔ ስታለቅስ ነበር፣ ኢንስፔክተር። ስለ እኔ።»

«ከዚያስ?»

«የደሎ መናዋን ልጅ በአካል ሄጄ ላስጠንቅቃት አለች። በትምህርት ቤቱ ፒክአፕ ላድርስሽ አልኳት። ሳነቴ ላይ አቆምኩ። እስከ ሰኞ ብቻ ዝም በዪ ብዬ እግሯ ላይ ወደቅሁ። ‹እህቴ አለችበት፣ ጋሼ› አለች። በሩን ከፍታ ወረደች። ተከተልኳት።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን አልተናገሩም። ዲማም አልጠየቀም።

«ገነዟት» አለ ብቻ።

አቶ ፍቅረሥላሴ ግር ብሏቸው ቀና አሉ። «ታዲያ ሳትገነዝ ልተዋት?»

*

ሰኞ ንጋት ላይ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሦስት ወንበር ባዶ ይዞ ወጣ። ብሩህን ማታውኑ ሻንጣውን ሲያስር ይዘውታል። መሀመድአወልን የሺሃረግ ራሷ ከአባቱ ቤት አደረሰችው። ሰልፈኞቹ ጎረምሶች የገዳዩን ስም ሲሰሙ አንገታቸውን ደፍተው ተበተኑ።

ሐመልማል ማታውኑ ሁሉን ሰምታለች፤ ቃሏን ለመስጠት ጣቢያ መጣች። አቶ ፍቅረሥላሴን ሳነቴ ወስደው ቦታውን ሊያስመሯቸው ሲያወጡ ቢሮው ውስጥ ተገናኙ። ግድግዳ ግድግዳውን አየች።

ያኔ ጠረጴዛው ላይ የሽማግሌው ስልክ ጮኸ። ቁጥሩ ረጅም ነው፤ የሩቅ አገር።

«ልጄ ናት» አሉ። ካቴና የገባው እጃቸውን ወደ ስልኩ ዘረጉ። «ዛሬ መነሣታቸውን ልትጠይቅ ነው። ካልተነሡ ወደ ሌላ ግቢ እንሸጣታለን ብለዋል። ከዚያ በኋላ አትገኝም። ኢንስፔክተር፣ እኔን ስቀሉኝ። እሷን ግን…»

ዲማ ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ አነሣው።

«አባዬ?» የቀጠነ ድምፅ ነው። ከጀርባዋ ሰው ይተነፍሳል። «አባዬ፣ ተነሡ? አጠገቤ ናቸው። ተነሥተዋል በለኝ።»

ሽማግሌው ወደ ዲማ ዞሩ።

አንድ እጅ ከዲማ እጅ ላይ ስልኩን ወሰደው።

«ሀይሚ፣ እኔ ነኝ። ሐመልማል ነኝ» አለች። «ተነሥተናል። አውቶቡስ ውስጥ ነን። አባትሽ አሁን ሸኝተውን ተመለሱ፤ ስልካቸውን እኛ ጋ ረስተውት ነው።»

«ሳምሪስ?» አለች ሀይሚ።

ሐመልማል ዓይኗን ጨፈነች።

«አለች። አብራን ናት። ተኝታለች፤ እንዳልቀሰቅሳት ነው። እየመጣን ነው፣ ሀይሚዬ። ጠብቂን።»

ስልኩ ተዘጋ። አቶ ፍቅረሥላሴ በጉልበታቸው ወለሉ ላይ ወርደው እግሯን ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉ። እግሯን ሰበሰበች።

«ፌዴራል ፖሊስ ደውዪ» አለ ዲማ ለየሺሃረግ። «የውጭ ጉዳይንም። ሦስቱ ሴቶች መድረስ እስከሚገባቸው ሰዓት ድረስ ብቻ ነው ሀይሚ ጊዜ ያላት።»

የሺሃረግ እየሮጠች ወጣች።

ሐመልማል ወንበር ስባ ተቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«ቃል ልሰጥ ነው የመጣሁት» አለች። «ጻፉ።»